ሁሉም የፈሩበት ጀልባ

አንድ ሰው ነበር። ስሙ ይቅርብን፤ ከነገርኳችሁ ሄዳችሁ ትጠይቁብኛላችሁ፣ አውቃችኋለሁ።

ይህ ሰው የሚኖረው በደጋ ከተማ ነው። ከከተማው በላይ፣ ተራራው ራስ ላይ ሐይቅ አለ። መሃሉ ላይ ትንሽ ደሴት፣ ደሴቷ ላይ ቤተ ክርስቲያን። ታዲያ እዚያ የሚነፍሰውን ነፋስ እንደዚህ ደጃችን ላይ እንዳለው እንዳታስቡት! ሰው ከነጋቢው ይገፋል። ጧት ጧት ጸጥ ይላል፤ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ይነሣል። ይህን ያገሩ ሰው ሁሉ ያውቃል።

የሚስቱ አባት አቶ ዋሴ ከቆላ ሊጠይቁት መጡ። ከሠርጉ ወዲህ ቤቱን ሲረግጡ የመጀመሪያቸው ነው። አማት ቤት ሲመጣ ሰውን እንዴት እንደሚያደርገው ያገባችሁ ታውቁታላችሁ። ሰውዬው ጭንቅ ጥብብ አለው። ምን ያብላቸው? ምን ያሳያቸው? በመጨረሻ፣ “ደሴቷን ተሳልመው ይመለሱ” አለ።

አለና ዝግጅት ጀመረ። ለአማቱ ወፍራም ካፖርት ተዋሰ። ጓደኛውን መኪና ለመነ። ቢረሳው ለሚባለው ጀልባ ቀዛፊ ደወለ። “ጧት በጧት ድረሱ፣ ነፋሱ ሳይነሣ” አለው ቢረሳው።

ይሁን እንጂ ሰውዬው ሆዱ ፈርቷል። ዋና አይችልም። አብራቸው የምትሄደው ሚስቱ ስመኝ ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት፤ ስንት ዓመት ተለምኖ የመጣ የመጀመሪያ ልጃቸው ነው። ጋደም ባለ ቁጥር ጀልባው ሲገለበጥ ይታየዋል። “እንቅር ልበል ይሆን? እንዴት ብዬ! ልጄን ለፈሪ ነው የሰጠኋት አይሉኝም?” አያችሁ? ገና ከቤት ሳይወጣ ይሉኝታ ቀድሞት መኪናው ውስጥ ገብቷል።

ቀኑ ደረሰ። ሰውዬው ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ በር ላይ ቆመ። አቶ ዋሴ ግን ጸሎታቸው ረዥም ነው። አማት ቶሎ ይበሉ ይባላል? አይባልም። ጸሎቱ አልቆ ሲወጡ ደግሞ ጎረቤታቸው እትዬ አትጠገብ ደጃቸው ላይ ቆመው ይጠብቃሉ።

“ዛሬ ዝክሬ ነው። እንግዳ ይዛችሁ ጠበል ጻዲቅ ሳትቀምሱ በደጄ ልታልፉ ነው? በሞቴ!”

በሞቴ ተብሎ ማን ያልፋል? ገቡ። አንድ ጉርሻ የተባለው ትሪ ሙሉ ሆነ። ሰውዬው ፀሐይዋን በበሩ እያየ ይጎርሳል፤ አይወርድለትም። “ነፋሱ ሊነሣብን ነው” ብትል ምን ነበረበት፣ አንተ ሰው? እትዬ አትጠገብ ይቀየሙ ነበር፤ በሳምንቱ ይረሱት ነበር።

ሐይቁ ዳር ሲደርሱ ቀትር ሆኗል። ነፋሱ ተነሥቷል። ውሃው ነጭ አረፋ እየደፈቀ ዳሩን ይመታል። አንድም ጀልባ ውሃው ላይ አይታይም።

አሁን በደንብ ስሙኝ። አራት ሰዎች ቆመዋል።

ሰውዬው አማቱን አየ። “አባባ፣ ትንሽ ይነፍሳል አይደል?” አለ፤ ልቡ “እንመለስ” እንዲሉት እየለመነ።

አቶ ዋሴ ሐይቁን አዩት። ይህን ያህል ውሃ በዕድሜያቸው አይተው አያውቁም። “ልጁ ስንት ደክሞልኛል፣ እንዴት ፈራሁ እላለሁ” ብለው፣ “ኧረ ይቺ ምን አላት! ለእኔ ብላችሁ ከሆነ እንዳትቀሩ” አሉ።

“አንቺስ?” አላት ሚስቱን። ስመኝ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ “እኔማ እንዳላችሁ” አለች። አባቷን ከደሴቷ በር መመለስ አሳፍሯት።

ቢረሳውስ? የውሃው ልጅ፣ በዚህ ሰዓት እንደማይወጣ የሚያውቀው? “እንግዳ ይዘው ከሩቅ መጥተዋል፣ በምን አፌ እምቢ እላለሁ?” አለ በሆዱ። “እመብርሃን ታውቃለች፣ ግቡ” አላቸው። የራሱን ይሉኝታ እመብርሃንን አሸከማት!

ገቡ። አራት ሰው፣ አራት ፍርሃት፣ አንድ ጀልባ። ሁሉም ደግሞ ፈገግ ብሏል!

መሃል ሳይደርሱ ማዕበሉ ጎን ጎኑን መምታት ጀመረ። ውሃ ገባ። ቁርጭምጭሚታቸውን ነካ። አቶ ዋሴ፣ “ደስ የሚል አገር ነው” አሉ፤ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ። ሰውዬው “አዎ አባባ” አለ። ደግሞ ውሃ ገባ። ቢረሳው ይቀዝፋል፣ ጀልባው ግን ወደፊት አይሄድም።

ያን ጊዜ ስመኝ ጮኸች።

“ፈራሁ! አባዬ ፈራሁ! ልጄን! መልሱኝ!”

አቶ ዋሴ እጇን ለቀም አደረጉ። “እኔም ልጄ! እኔም ከቤት ከወጣን ጀምሮ!”

“እኔማ ሰሞኑን እንቅልፍ የለኝም፣ አባባ!” አለ ሰውዬው።

“ታዲያ ምነው አትናገሩም!” ብሎ ጮኸ ቢረሳው። “እኔ ለእናንተ ብዬ እኮ ነው! ዛሬ ማን ይወጣል? ቁጭ በሉ፣ እንዳትነሡ!”

ሲያዞረው ጀልባው በአንድ ጎኑ ተኛ። ውሃው ግልብጥ ብሎ ገባባቸው። ስመኝ ወለሉ ላይ ተጣበቀች፤ ባሏ ላይዋ ላይ ተደፋ። አቶ ዋሴ ባርኔጣቸውን አውልቀው ውሃውን ይቀዱ ጀመር፤ እየቀዱ ያለቅሳሉ፣ እያለቀሱ የልጃቸውን ስም ይጠራሉ። እንዲያ እየተባለ፣ በስንት መከራ፣ ዳሩ ላይ ተጣሉ።

አቶ ዋሴ መሬቱን ሳሙ። ከዚያ ቀና ብለው ሦስቱንም አዩና፣ “ለመሆኑ መሄድ የፈለገው ማን ነበር?” አሉ።

ማንም! አንድም ሰው!

ሳቃችሁ አይደል? ሳቁ፣ ሳቁ። ግን እኔን የሚያስጨንቀኝ የነሱ ጀልባ አይደለም። እነሱ ወጥተዋል።

እናንተስ? ማንም ያልፈለገው ጀልባ ውስጥ ስንቶቻችሁ ናችሁ? እዚህ መካከል ሠርጓ የተቆረጠላት ልጅ አለች፤ ልጁን አትፈልገውም፤ ድንኳን ታዟል፣ ዘመድ ተጠርቷል ብላ ዝም ብላለች። እዚህ መካከል የሐኪም ውጤቱን ኪሱ ውስጥ አጥፎ ሚስቱን “ጨጓራ ነው አሉኝ” ያላት ባል አለ። እሷ ደግሞ አውቃለች፤ እንዳያፍር ብላ ዝም ብላለች። አንድ አልጋ ላይ ተኝተው ለየብቻ ይፈራሉ! ይሄ ፍቅር ነው? ንገሩኝ እስቲ፣ ይሄ ፍቅር ነው?

“ዝም አይነቅዝም” ትሉኛላችሁ። የእናንተ ዝምታ ግን ነቅዟል፣ ወገኖቼ! ቤታችሁን በልቶታል።

ለእግዚአብሔር እንኳ ይሉኝታ ይዞናል። ፊቱ ቆመን “ተመስገን፣ ደህና ነን” እንለዋለን፤ ሆዳችን እየተቃጠለ። ማንን ነው የምናታልለው? ልባችንን የሠራውን? “ፈራሁ፣ መልሰኝ” ማለት እኮ ጸሎት ነው። ያቺ ነፍሰ ጡር ያን ቀን ሌላ ምን አለች? ከዚያ ሁሉ ወንድ መካከል አራት ነፍስ፣ ከነጽንሷ አምስት ነፍስ ያወጣው የሷ ጩኸት ነው።

ስለዚህ ዛሬ “አሜን” ብላችሁ እንድትወጡ አልፈልግም። አሜን ማለት ትችሉበታላችሁ። አጠገባችሁ ወዳለው ዞር በሉ። ባልሽ ነው? እናትህ ናት? የምትፈሩትን ንገሩት። እዚሁ፣ አሁን፤ ቤት ስንደርስ አትበሉ። እኔ ዝም ብዬ እጠብቃችኋለሁ።