ለአሸናፊው የተጠመቀ ጠላ

ተረት ተረት!

«የላም በረት!»

ኧረ ጮክ በሉ! ድምፃችሁ ይህችው ናት? እራት አልበላችሁም እንዴ? ተረት ተረት!

«የላም በረት!»

እሱስ ይሁን። አንተ ግድግዳ የተደገፍከው፣ እግርህን ሰብስብ፣ ሰው ይለፍበት። በሉ ስሙኝ።

በድሮ ዘመን ላይ አምባና ታች አምባ የሚባሉ ሁለት መንደሮች ነበሩ። በመካከላቸው ሰፊ ሜዳ ነበረ። ገና በመጣ ቁጥር የሁለቱ መንደር ጎረምሶች ቆልማማ ዱላቸውን ይዘው እዚያ ሜዳ ይገናኙና ከእንጨት የተጠረበችውን ጥንግ ሲመቱ ይውላሉ። ጥንጓን ከተጋጣሚው ድንበር ያሻገረ አገባ ይባላል። ፀሐይ እስክትጠልቅ ብዙ ያገባው መንደር አሸነፈ ማለት ነው። ቅልጥም ቢመታ፣ ጥርስ ቢረግፍ ቂም የለም። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባል የለ!

ታዲያ አንድ ደንብ ነበራቸው። የተሸነፈው መንደር ለአሸናፊው ይደግሳል። በዚያው ማምሻ አሸናፊዎቹ እየጨፈሩ ይመጣሉና ተሸናፊዎቹ በግ አርደው ያበሏቸዋል፣ ጠላ ቀድተው ያጠጧቸዋል።

ታች አምባዎች ደግሞ መሸነፍ ለምደው ነበር። ኧረ መልመድ ብቻ! ተክነውበት ነበር። በዓሉ ገና ሩቅ ሳለ ሴቶቹ ብቅል ያበቅላሉ፣ ጌሾ ይወቅጣሉ፤ ወንዶቹም በግ መርጠው ያሰባሉ። «እንዳንዋረድ» ይላሉ። መሸነፉን ረስተውት፣ ጠላው እንዳያንስ ነው የሚጨነቁት። ጉድ እኮ ነው!

በዚያ መንደር አንጓች የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ባለሙያ ናት። የእርሷን ጠላ የቀመሰ ሰው የሌላ አይጥመውም። ላይ አምባዎች ራሳቸው፦ «የታች አምባ ልጆች ዱላ መያዝ አያውቁም፤ የአንጓች ጠላ ግን ለብቻው ነው» ይሉ ነበር። እርሷም ይህን ስትሰማ ደስ ይላታል። ምን ታድርግ? በመንደሩ ሌላ የሚያስመሰግን ነገር አልነበረም።

ልጇ ሽባባው ይባላል። ትከሻው ሰፊ፣ ነገረ ሥራው ሁሉ ዝግ ያለ ጎረምሳ ነው። በዚያ ዓመት ጓደኞቹ የጨዋታው መሪ አደረጉት።

አንድ ቀን አንጓች ጓሮ ሆና ጌሾ ስትወቅጥ፣ ልጆቹ ከልምምድ መጥተው አጥሩ ጥግ አረፍ አሉ። አንዱ አፍንጫውን ነፋ ነፋ አደረገና፦

«እሰይ! ጥንስሱ ይሸታል። ላዮች ከጠገቡ በኋላ ለእኛም አይጠፋም» አለ።

ሌላውም፦ «እኔስ ዘንድሮ በትንሹ ብንሸነፍ ነው የምለው። አምና በጣም ሳቁብን» አለ።

ከዚያም ተሳሳቁና ተነስተው ሄዱ። ሽባባው ግን አልሳቀም። ወደ እናቱ መጣና ሙቀጫው አጠገብ ቆመ።

«እማዬ፣ ይህ ጠላ ለማን ነው?»

«ለገና እንግዳ ነዋ።»

«ለየትኛው እንግዳ?»

«ላሸነፈው መንደር ነዋ! ዛሬ ደግሞ ምን ሆነሃል?»

«ማን ያሸንፋል?»

አንጓች አፏን ከፈተች። ዘነዘናዋን ወደ ላይ እንዳነሳች ቀረች። «ላዮች» ልትል ነበር። ለገዛ ልጇ፣ በገዛ አፏ! ደነገጠችና ቃሉን ዋጠችው።

እርሱም፦ «አየሽ? እኛ ዱላ ሳንቆርጥ እናንተ ጠላ ትጠምቃላችሁ። ይህ እየሸተታቸው ልጆቹ እናሸንፋለን ብለው እንዴት ያስቡ? ዘንድሮ ጋኑ ይደፋ» አላት።

«ደህና ጠላ ይደፋል? ግፍ አትናገር! ሂድ ከፊቴ!» አለችና ተቆጣችው። ግን ከዚያ በኋላ ጌሾው አልወቀጥላት አለ። ነገሩ ከሆዷ ገባ። ጠላው ሲደርስ ለአውድማ ደቦተኞች አጠጣችውና ባዶውን ጋን አፉን ወደ መሬት ደፍታ አስቀመጠችው።

ወሬው መንደሩን አዳረሰ። አያ ቢተው የሚባሉት ሽማግሌ ከዘራቸውን እየወዘወዙ መጡ።

«አንቺ ሴት! ልታዋርጂን ነው? ልጆቹ ቢሸነፉስ?»

«ቢያሸንፉስ?» አለቻቸው አንጓች።

አያ ቢተው ከዘራቸውን መወዝወዝ ተዉ። በዚያ መንደር ይህን ጥያቄ የጠየቀ ሰው አልነበረማ! ከዚያም ሌሎቹ ሴቶች እያጉረመረሙም ቢሆን እንደ እርሷ አደረጉ፤ ወንዶቹም የሰቡትን በጎች ገበያ አወጡ።

ገና ደረሰ። ልጆቹ ገቡና ተጫወቱ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በደንብ ነበር የተጫወቱት። መጀመሪያ ያገቡት እነርሱ ናቸው። ኋላ ግን ላዮች አገቡና እኩል ሆኑ። የላይ አምባ ሴቶች እልል አሉ፣ ወንዶቹም መሳደብ ጀመሩ። ይኼኔ ታች አምባዎች ባዶው ጋን ትዝ እያላቸው ወደ መንደራቸው ዞር ዞር ማለት አበዙ። አንዱ ሲስት ሌላው «አንተ ነህ ያስበላኸን!» ይለዋል። ሲነታረኩ ላዮች ሌላ አገቡ። ፀሐይም ጠለቀች።

ተሸነፉ። አዎ፣ ተሸነፉ! ምን ታፈጣላችሁ? አንድ ጋን ስለተደፋ ጀግና ይኮናል እንዴ?

ላዮች እየጨፈሩ ወረዱ። ቢያዩ ጠላ የለም። አንጓች ምን ታድርግ? ቆሎ በገበታ፣ ውሃ በቅል አቀረበች። ጓንጉል የሚባለው የላይ አምባ መሪ ቅሉን ከፍ አድርጎ ይዞ እንዲህ አለ፦

«ጀግና ነን ብለው ጋን ደፍተው ቢቆዩን፣
እንደ በቅሎ ውሃ አጠጥተው ሸኙን።»

ሳቁ ተራራውን ዞረው። አንጓች ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። የኖረ ስሟ በአንድ ቅል ውሃ ሲታጠብ በዓይኗ አየች። ጎረቤት ሁሉ ፊት ነሳት፤ ውሃ ስትወርድ ሰላም የሚላት ጠፋ።

ሽባባው ደግሞ መደብ ላይ ተጋደመና አልነሳም አለ። እህል አልቀምስም አለ። እናቱ «በልጄ አፈርኩ» ያለች ይመስላችሁ ይሆናል። እርሷ ግን እንደዚያ አላለችም። አጠገቡ ተቀመጠችና፦

«ጠላዬ የሆመጠጠብኝ ዕለት ምን ሳደርግ አይተሃል?» አለችው።

«ትደፊዋለሽ።»

«ከዚያስ?»

«ጋኑን ታጥቢና በወይራ ታጥኚዋለሽ።»

«ከዚያስ?»

«እንደገና ትጠነስሻለሽ።»

«ጋኑን አቅፌ ሳለቅስ አይተኸኛል?»

«አላየሁሽም።»

«እንግዲያው ተነስ! መደብ አቅፈህ ምን ትሠራለህ? ይልቅ ጠላው የት ላይ እንደሆመጠጠ ንገረኝ።»

ሽባባው ተነስቶ ተቀመጠ። አሰበና፦ «እማዬ፣ ጉልበት አላነሰንም። እኩል ሲሆኑብን ነው ያለቀልን። ስድቡ ሲጀመር ዱላው በእጃችን ነበር፤ ልባችን ግን ቤቱ ገብቶ ነበር» አላት።

«ስድብ ነው የሚያስፈራችሁ?»

«ስድብ ነው።»

«እሱን ለእኔ ተወው» አለች አንጓች።

ከዚያም ምን አደረገች መሰላችሁ? ልጆቹ ልምምድ በወጡ ቁጥር የመንደሩን ሴቶች እየሰበሰበች ሜዳው ዳር ታሰልፍ ጀመር። ያ ሁሉ ዘመን «አይዞህ ልጄ፣ ብትሸነፍም የእኔ ነህ» ሲሉ የኖሩ እናቶች አሁን ልጆቻቸው ስድብ እንዲለምዱ በግጥም ይዘልፏቸው ገቡ! አንጓች በገዛ ልጇ ነው የጀመረችው፦

«የሽባባው ሩጫ ምኑ ይወራል፣
ዔሊ ምሳ በልታ ትደርስበታል!»

እንዳላማው የሚባል ቀጭን ልጅ ነበረ። ጥንጓን ሲስት አክስቱ ቀበል አድርጋ፦

«የእንዳላማው ዱላ ጥንግ ካልመታበት፣
ለእናቱ ይስጣት ወጥ ታማስልበት!»

መጀመሪያ ሰሞን ልጆቹ ፊታቸው ይቀላል። አንዱ ዱላውን ወርውሮ ሄደ። እንዳላማው ዱላውን ጥሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሽባባው ግን ዱላውን አንስቶ እጁ ላይ አስያዘውና፦

«የሳትካት ጥንግ ሄዳለች፣ ወንድሜ። ተመልሳ አትመጣም። አንተ የምትመጣዋን ጠብቅ» አለው።

ከዚያ ወዲያ ሕግ አወጡ። አንዱ ሲስት ማንም አይነቅፈውም፤ ሁሉም በአንድ ድምፅ «የምትመጣዋን!» ብለው ይጮኻሉ። ልምምድ ሲጀምሩም «ሁለት ገብቶብናል፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው» ብለው ነው የሚጀምሩት። መመራቱንም፣ ስድቡንም፣ ድካሙንም ለመዱት። ቀስ በቀስ ጥሩ ስድብ ሲሰሙ ቆም ብለው ይስቁና ጨዋታቸውን ይቀጥላሉ።

ዓመቱ ዞረ። አያ ቢተው ሰው ሰበሰቡና፦ «የአምናው ይበቃናል። ዘንድሮ ይጠመቅ!» አሉ። ሁሉም «ይጠመቅ! ይጠመቅ!» አለ።

አንጓች ነጠላዋን አደግድጋ ተነሳች።

«ስሙኝ። አንድም ቤት ጥንስስ አይጠንስስ። ዘንድሮ ልጆቻችን ከተሸነፉ እኔ አንጓች ላይ አምባ ወጥቼ፣ ለጓንጉል እናት ለደብሬ እስከ ፋሲካ ውሃ እቀዳለሁ። እንስራ ተሸክሜ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ።»

ሰዉ ጉድ አለ። አንጓች እኮ ኩሩ ናት! እንኳን ለሰው ውሃ ልትቀዳ፣ ለሰው አንገቷን ዝቅ አታደርግም ነበር። ሽባባው «እማዬ፣ ተይ» አለና እጇን ያዛት። እርሷም «አልተውም» አለችው።

ገና መጣ። አንጓች ሜዳው ዳር ቆመች። ላዮች ገና ከመጀመራቸው አገቡ። ደገሙ። ጓንጉል ዱላውን ወደ ሰማይ አነሳና፦

«ታች አምባዎች ዘንድሮም ያው ናችሁ፣
ዱላውን ጣሉና ግቡ ቤታችሁ!»

ሕዝቡ ወደ ታች አምባ ልጆች ዞረ። ይኼኔ እንዳላማው፣ ያ አልቃሻው እንዳላማው፣ ከት ብሎ ሳቀ።

«ይሄም ስድብ ተብሎ! እመት አንጓች ዘንድ መጥተህ ተማር!»

ጓደኞቹ ሁሉ ሳቁ። ላዮች ተያዩ። ሁለት ገብቶበት የሚስቅ ሰው አይተው አያውቁማ! ጓንጉል ግራ ገባው።

ከዚያማ ሽባባው አገባ። እኩለ ቀን አለፈና ሌላው ደገመ። እኩል ለእኩል ሆኑ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ጥንጓ እየተንከባለለች እንዳላማው እግር ሥር መጣች። ዱላውን ሰነዘረ። ሳታት! ላይ አምባ እልል አለ። አንጓች ዓይኗን ጨፈነች። የደብሬ እንስራ ከወዲሁ ጀርባዋ ላይ ከበዳት።

«የምትመጣዋን!» ብለው ጮኹ ልጆቹ። አንድም የነቀፈው የለም። እንዳላማው አንገቱን አልደፋም፤ ከቦታውም አልሸሸም። ሽባባው ጥንጓን ከላዮች እግር ሥር ነጥቆ መለሰለት። እንዳላማው እንደገና ሰነዘረ። ቷ! ጥንጓ በረረችና ከላይ አምባ ድንበር ወዲያ ወደቀች። ፀሐይም ወዲያው ጠለቀች።

የታች አምባ ሰው ወዲያው አልጮኸም። ለካ ሲያሸንፉ እንዴት እንደሚጮኽ አያውቁም! መጀመሪያ እልል ያለችው አንጓች ናት። ከዚያ አያ ቢተው ከዘራቸውን ጥለው ዘለሉ። እኚያ ሽማግሌ ሲዘሉ ባያችሁ!

አሁን ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። አሸናፊዎቹ እየጨፈሩ ላይ አምባ ወጡ። ላዮች ተሸንፈው ስለማያውቁ በግ አላሰቡም፣ አንድ ቅል ጠላ እንኳ አልጠመቁም። የጓንጉል እናት ደብሬ እፍረት ይዟት ጓዳ ገባች። ጎረምሶቹ በግጥም ሊያዋርዷቸው አፋቸውን ሲያሾሉ፣ አንጓች ተቆጣች።

«ዝም በሉ! ውሃ ማቅረብ ምን እንደሚያሳፍር እኔ አውቃለሁ» አለች። ወደ ጓዳውም ተጣራች፦ «ደብሬ፣ ጠላ በአንድ ቀን አይደርስም። አሁኑኑ ጠንስሺ፤ ለጥምቀት እንመጣለን።»

ለጥምቀት መጡ። ቤቱ ሞላ። ደብሬ እንስራዋን አዘንብላ መቅዳት ጀመረች። አንጓች ቁጭ ማለቱ አልሆነላትም፤ ልማድ ነውና ተነስታ ልትቀዳ እጇን ሰደደች። ዕድሜዋን ሙሉ ለሰው ጠላ ስትቀዳ የኖረች ሴት እኮ ናት።

ደብሬ እጇን መለሰችባት።

«ቁጭ በይ፣ አንጓች። ዛሬ የምቀዳው እኔ ነኝ።»

አንጓች ተቀመጠች። ሽባባው አጠገቧ ነው። ደብሬ ዋንጫውን በሁለት እጇ ሰጠቻትና ፊቷን ታይ ጀመር። ሰው ሁሉ አንጓች ምን ትል ይሆን ብሎ ጠበቀ። ጠላው ቀጭን ነበር፤ ጌሾውም አልበረታም። አንጓች ቀመሰች። እንባዋ በጉንጯ ወረደ። እስከ አተላው ጨልጣ ጠጣችና ዋንጫውን ዘረጋች።

«ድገሚኝ» አለች።

ተረቴን መልሱ፣ ጉሮሮዬን አርሱ፤ ዳቦውን ቁረሱ፣ የእኔን ድርሻ ግን አትቀንሱ!