ያልተነፋው ጥሩንባ

በእኛ ሰፈር ስብሰባ ላይ ድምፅ ሊሰጥ ሲል ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠራርጎ የሚጥላት አንዲት አባባል አለች። ልጆች ሳለን የጉልበተኞች ፉከራ ትመስለን ነበር። መነሻዋ ግን ድስት ታቅፋ ደጃፍ ላይ የቆመች ሴት ናት።

ሴትዮዋ አጸደ ትባላለች፤ ድርቅ ከቆላ ነቅሎ ካመጣቸው ቤተሰቦች አንዷ ነበረች። አንድ የክረምት ማለዳ የጎረቤቷን የዘርፌን በር አንኳኳች። ዘርፌ ከፍታ አየቻትና ምን ፈለግሽ ሳትላት ወደ ጓዳ ተመለሰች፤ ከእሷ የተዋሰችውን ብረት ድስት አምጥታ አስታቀፈቻት።

«ይቅር በዪኝ እቴ፣ ትናንት ላመጣልሽ ስል ዝናቡ ያዘኝ» አለቻት።

አጸደ ድስቱን እንዳቀፈች ደጃፉ ላይ ቆመች።

«ደመላሽ ሞተ» አለች። ደመላሽ ባሏ ነው።

ዘርፌ ደረቷን ያዘች። «ኧረ መቼ? ጥሩንባ እኮ አልሰማሁም።»

«አልተነፋም።»

ዘርፌ ጥሩንባው ለምን እንዳልተነፋ ያኔ ትዝ አላት።

ከፋሲካ በኋላ የሰፈሩ እድር አዲስ ዳኛ መርጦ ነበር። የተመረጠው አቶ ጓንጉል አንደበቱ የሚጥም፣ ጋቢው ሁልጊዜ የነጣ ሰው ነው። የገባው ቃል ሁለት ነበር፤ አዲስ ድንኳን አሰፋለሁ፣ እድሩንም ለነባሩ እመልሳለሁ አለ። አሮጌው ድንኳን እንደ ወንፊት ያፈስ ስለነበር የመጀመሪያው ቃል የሁሉን ልብ ገዛ። ሁለተኛውን አንዳንዱ ወዶ አጨበጨበለት፤ ብዙው ግን ሊመረጥ የፈለገ ሰው ወሬ ነው ብሎ አለፈው።

የዘርፌ እናት የተለቀሰላቸው በዚያ በሚያፈስ ድንኳን ውስጥ ነበር። ለቀስተኛው አንድ በአንድ እየሾለከ ሲሄድ፣ ጓንጉል ብቻ በጃንጥላው አስጠልሏት እስኪመሽ አብሯት ተቀምጧል። በምርጫው ቀን ዘርፌ እጇን ያወጣችው ያንን ጃንጥላ እያሰበች ነው።

ድንኳኑ እንደተባለው ተሰፋ። ቆለኞቹም እንደተባለው ከእድሩ ወጡ። ቀጥሎ ማንም ያላሰበው ትእዛዝ መጣ፤ ለቆለኛ ሬሳ ጥሩንባ አይነፋም፣ ቀብራቸው ላይ የተገኘ አባልም ይሰረዛል። ዘርፌ ማታ ለባሏ ለተሰማ «ይሄስ በዛ» አለችው፤ ከቤቷ ውጭ ግን ለማንም አልተናገረችም። ተሰማ ሳንባውን ታሞ ከተኛ ቆይቷል። እሷ ብትሰረዝ እሱም ያለ ጥሩንባና ያለ ቀባሪ ሊቀር ነው።

ያም ሆኖ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወደ አጸደ ቤት ሄደች። ሌሎችም ጎረቤቶች አንገታቸውን ደፍተው መጥተዋል። ከለቀስተኛው መሀል ሬሳ የሚችል ትከሻ ያላቸው ቆለኞች ጥቂት ነበሩ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ ከወንዙ ማዶ፣ ዳገት ላይ ነው፤ ተሸካሚ ካልተቀያየረ አይደረስም።

በሩ ላይ መምህር ይትባረክ ቆሟል። በምርጫው ቀን ብቻውን ተነስቶ የተቃወመ ሰው ነው።

«ሬሳውን እንዳትነኩት» አላቸው። «ገደላችሁት አልልም። ያዋረዳችሁት ግን እናንተ ናችሁ።»

እውነቱን ነበር። አንዳንዶቹ ፊታቸውን ወደ መጡበት አዞሩ። ፈርተው የመጡ ነበሩና ተግሳጹ ለመመለሻ ምክንያት ሆነላቸው።

አጸደ ከውስጥ ወጣች። ዘርፌን ለይታ አየቻት።

«አንቺም እጅሽን አውጥተሻል አሉኝ።»

«አዎ።»

«ምን አድርገንሽ?»

«ምንም። ድንኳኑ ያፈስ ነበር።»

አጸደ ቀና ብላ ሰማዩን አየች። ማካፋት ጀምሯል። «ደመላሽንም ሊመታው ነው» አለች።

ሴት ቃሬዛ መሸከም ወግ አልነበረም፤ ዘርፌ ግን ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ጎንበስ ብላ የቃሬዛውን የኋላ ጫፍ ያዘች። መምህሩ ሊያስለቅቃት እጁን ሲዘረጋ፣ እድሩን ከመሠረቱት ሰዎች በሕይወት የቀሩት አባባ ክንፈ ከተቀመጡበት ተናገሩ።

«ተዋት ልጄ። ንጹሕ ሰው ብቻ ይሸከም ካልክ ሬሳው እዚሁ ማደሩ ነው።»

መምህሩ እጁን ሰበሰበ። ከዚያ ሄዶ ከዘርፌ ጎን ያለውን ጫፍ ያዘ። ከጎረቤቶቹ ጥቂቶች ተከተሉ፤ የቀሩት ወደየቤታቸው ገቡ። መንገዱን ሙሉ ዘነበባቸው።

አጸደ ከሰልስት በኋላ ሰፈሩን ለቀቀች፤ የቀሩት ቆለኞችም እየተከታተሉ ሄዱ። ብረት ድስቱን ዘርፌ ደጃፍ ላይ አስቀምጣው ነበር የሄደችው። ስጦታ ይሁን ቅያሜ፣ ዘርፌ እስከ ዕለተ ሞቷ አላወቀችም።

ዘርፌ ከእድሩ ተሰረዘች፤ አብረዋት የተሸከሙት ጎረቤቶች ግን ይቅርታ ጠይቀው አባልነታቸውን አተረፉ። መስከረም ሳይጠባ ተሰማ ሞተ። ጥሩንባ አልተነፋም፤ አዲሱ ድንኳንም ተጠቅልሎ ከተቀመጠበት አልወጣም። መምህር ይትባረክ ሳይጠራ ማለዳ መጣ፤ እሱና ዘርፌ ብቻቸውን ግን ያንን ዳገት ሬሳ ይዘው አይወጡትም። ይህን ጊዜ አባባ ክንፈ ዱላቸውን አንስተው ወጡ። በምርጫው ቀን እሳቸውም እጃቸውን አውጥተው ነበር። ማንንም ሳይሰድቡ፣ ማንንም ሳይለምኑ፣ ተሸካሚ እስኪሞላ ከደጅ ደጅ እየዞሩ በዱላቸው በሩን ባንኳኩ ቁጥር የሚሉት ያቺን አባባል ብቻ ነበር፦ «እጁን ያወጣ ትከሻውን አይንፈግ።»