በማድቤት የታደለ ኪኒን

አንዲት ሴት ነበረች። የአንድ ቤተ ክርስቲያን ማድቤት ኃላፊ። ኮንፈረንስ ሲኖር ለዚያ ሁሉ ሕዝብ ወጥ የምታሠራው እሷ ናት። አፏ ይፋጃል፣ እጇ ግን ለጋስ ነው። ወገቤን ያለች ሴት ካለች ከጉያዋ መሀረቧን አውጥታ፣ ቋጠሮውን ፈትታ፣ የህመም ማስታገሻ ኪኒን ትሰጣታለች።

«ዋጪና ተነሺ፤ ሽንኩርቱ ይጠብቅሻል።»

ክፋት ነው? አይደለም። ፍቅር ነው። ሴቶቹም «የማድቤት ሐኪማችን» ይሏታል፤ እሷም ደስ ይላታል።

ከሁሉ ይልቅ የምትሰጠው ለአመለወርቅ ነበር። አመለወርቅ ጎረቤቷ ናት፣ የልብ ወዳጇ። ትልቁን ድስት በአንድ ወገን እሷ፣ በሌላው አመለወርቅ ሆነው ነው የሚያወርዱት። አመለወርቅ ሲያማት ትውጣለች፤ ሳያማትም «እንዳያመኝ» ብላ ትውጣለች። እንዲህ እያለ ዓመታት ሄዱ።

አንድ እሁድ ጸዳለ የምትባል ልጅ ከጤና ጣቢያ መጣች። ግቢው ውስጥ ጥላ ስር ወንበር አስቀምጣ፣ «ግፊትና ስኳር በነጻ እለካለሁ፤ ኩላሊት ሳይጎዳ በፊት ይታወቅ» አለች። አመለወርቅ እጅጌዋን ሰብስባ ልትቀመጥ ስትል ይቺ ሴት አየቻት።

«አንቺ ደግሞ ምን ሆንሽ? በሬ የሚያህል ድስት የምታነሺ ሴትዮ፣ ለመለካት? ግፊት አለባት ተብሎ ሰፈር ቢሰማ ልጅሽን ማን ያገባልሻል?»

ሴቶቹ ሳቁ። አመለወርቅም አብራ ሳቀች፤ እጅጌዋን መለሰችና ወደ ማድቤት ገባች።

«እትዬ፣ ደቂቃ አይፈጅም እኮ፤ እርስዎም ይቀመጡ» አለች ጸዳለ።

«እኔን የሚለካኝ ጌታ ነው» ብላት አለፈች።

መልስ ነው ይሄ? መንፈሳዊ ይመስላል። ትዕቢት ግን ነበር።

ጊዜ አለፈ። የአመለወርቅ እግር አበጠና ጫማ እምቢ አላት። ጠዋት ጠዋት ፊቷ ያብጣል። «ብርድ ነው» አሉ። የምግብ ሽታ ሲያስመልሳት ያቺው ወዳጇ ደግፋ ሆስፒታል ወሰደቻት። ሐኪሙ ሁለቱም ኩላሊቶቿ እንደደከሙ፣ ሳይታወቅ የቆየ ግፊት እንደጎዳቸው፣ የኩላሊት እጥበት መጀመር እንዳለባት ነገራት። ከዚያ ጠየቃት።

«የህመም ማስታገሻ ይወስዱ ነበር?»

«አዎ፣ ሁልጊዜ።»

«እሱም አባብሶታል። ማን አዘዘልዎ?»

አመለወርቅ ወዳጇን ቀና ብላ አየቻት። ዐይኗን ወደ መሬት መለሰችና፣ «ራሴ ነኝ ዶክተር። ራሴ እየገዛሁ» አለች።

«እኔ ነኝ የሰጠኋት» ማለት ስንት ቃል ነው? ያ ሰፈሩን ሁሉ የሚያንጫጫ አፍ ተሳሰረ። መሀረቧን ወደ ጉያዋ ይበልጥ ሸጎጠችው።

ሲመለሱ ባጃጅ ውስጥ ወዳጇ፣ «ለምን ዋሸሽ?» አለቻት።

«አንቺ እንዳታፍሪ ብዬ።»

ኩላሊቷ አልቆ እንኳ የምትጨነቀው ለወዳጇ ክብር ነበር። ከዚያ ወዲህ ይቺ ሴት የበላችው አልጣማት፣ የጸለየችው ከጣሪያ አላለፈላት።

ጸዳለ ደግማ ስትመጣ ይቺ ሴት በሴቶቹ ሁሉ ፊት ቆመች። «አመለወርቅን ኪኒን ያበላኋት እኔ ነኝ። እዚህ ወንበር ላይ እንዳትቀመጥ በሳቅ ያስቀረኋትም እኔ ነኝ» አለች። ማንም አልሳቀም። ተቀምጣ ክንዷን ዘረጋች። የራሷም ግፊት ከፍ ብሎ ተገኘ። እሷስ ጊዜ ነበራት፤ መድኃኒቱን ጀመረች። ለአመለወርቅ ግን ጊዜው አልፎ ነበር።

እህቶቼ፣ እናንተስ? ጨው ቀንሱ ስትባሉ «አልጫ አብልተን ልንሰደብ ነው?» ያላችሁ የላችሁም? የጎረቤት ኪኒን ተበድራችሁ የዋጣችሁ የላችሁም? ምንም አላመመኝም ብላችሁ ከመለኪያው የሸሻችሁስ? ግፊት እኮ አያንኳኳም። ኩላሊትም እስኪያልቅ አይጮህም።

እግዚአብሔር ይቅር ይላል። አመለወርቅም ይቅር ብላታለች። ኩላሊቱ ግን አልተመለሰም።

የጤና ጣቢያ ልጆች ዛሬም ደጅ ላይ ናቸው። ጸሎቱ ሲያበቃ ወደ ቤቱ የሚሮጥ እግር እንዳላይ። የጎረቤታችሁን እጅ ይዛችሁ ውጡ። እሷ ካፈረች እናንተ ቅደሙ።