የአያ ጅቦ ጥቁር ጥርስ

አንድ ጊዜ፣ ገደል በበዛበት አገር የሚኖር አያ ጅቦ የሚባል ያረጀ ጅብ የመንጋጋ ጥርሱ ተቦረቦረ። ሥጋ ሲሆን ሳያኝክ ስለሚውጠው ብዙም አልተቸገረም። ያስቸገረው አጥንት ነበር። የዚያ አገር ጅቦች ደግሞ አንድ ደንብ አላቸው፤ ክረምቱ ሲወጣ እያንዳንዱ ሽማግሌ በመንጋው ፊት አንድ የበሬ ጭን አጥንት ይሰብራል። የሰበረ ከመንጋው ጋር ይበላል፤ ያቃተው ብቻውን ይሄዳል። ለዚያ ቀን የቀረው አሥራ ሁለት ቀን ነበር።

አያ ጅቦ ጉንጩን ይዞ ጥርስ ነቃይ ነኝ ወደሚለው ቀበሮ ሄደ። ቀበሮ አፉን አስከፍቶ ወደ ውስጥ ተመለከተና ራሱን ነቀነቀ። በሽታው ከባድ እንደሆነ፣ ጥርሶቹ በየተራ መነቀል እንዳለባቸው፣ ለአንዱም አንድ የበግ ወርች እንደሚያስከፍል ነገረው።

አያ ጅቦ ዋጋው እንደበዛበት ሲናገር ቀበሮ፣ «ርካሽ ቢሆንማ መድኃኒት ይባል ነበር?» አለው።

ነገሩ ለአያ ጅቦ እውነት መሰለው። በየሁለት ቀኑ አንድ ወርች እየጎተተ መጣ፤ ቀበሮም በየሁለት ቀኑ ከፊት በኩል አንድ ጥርስ ነቀለለት። ሕመሙ ግን እንዳለ ነው። ለምን እንደሆነ ሲጠይቅ፣ ገና ሥሩ ጋ አልደረስንም ይለዋል። አራተኛው ጥርስ ሲነቀል አያ ጅቦ ያጠራቀመው ሥጋ ሁሉ አለቀ፤ የቀረውም አምስት ቀን ብቻ ሆነ።

ባዶ ሆዱን ሲመለስ እመት ጃርትን ጉድጓዷ ደጃፍ ላይ የሚበላ ሥር ስትቆፍር አገኛት። ያረጁ እንስሳትን ጥርስ እንደምታክም ቀድሞም ሰምቷል። የምትጠይቀው ትንሽ ስለሆነ መድኃኒቷም ትንሽ መስሎት ነበር የተዋት። አሁን ግን አፉን ከፈተላት።

«ቀበሮ የነቀለልህ እኮ ጤነኞቹን ነው» አለችው።

«የታመመውስ?»

«እሱንማ ለመጨረሻ አስቀምጦታል። የታመመው ከወጣ ተመልሰህ ትመጣለህ?»

አያ ጅቦ ይህ እስኪገባው ድረስ እመት ጃርት ሁለት ሥር ቆፍራ አወጣች።

ከዚያም ሕክምናዋን አስረዳችው። ጥርሱ አይነቀልም። የላላውን ብስባሽ በእሾኋ ጫፍ ትፍቀዋለች፤ ከዛፍ ልጥ ቀምማ በቅል ካኖረችው መድኃኒት አንዲት ጠብታ ታስነካዋለች፤ መቦርቦሩም ይቆማል። እሱ ደግሞ በልቶ ሲጨርስ በጨው ውኃ ይጉመጠመጣል፣ ጥርሱን በወይራ መፋቂያ ይፍቃል። ዋጋዋ፣ ቀን ቀን ጉድጓዷ አፍ ላይ እየተኛ መውጫ የሚዘጋባትን ልማዱን እንዲተው ነው።

«አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርህ» አለች። «ጥርሱ ይጠቁራል።»

አያ ጅቦ ተጨነቀ። ጅብ ሲስቅ ጥርሱን ያሳያል። «ውድና ነጭ መድኃኒት የለሽም?» ሲል ጠየቃት።

«አለ፤ ቀበሮ ዘንድ።»

አፉን መልሶ ከፈተ። እመት ጃርት ፍቃ፣ ጠብታዋን አስነካችው፤ ሕመሙም ጋብ አለ። ዞር ስትል ግን አያ ጅቦ አንዲት ጠብታ ይህን ያህል ከረዳች ቅሉ በሙሉማ እንዴት ያለ ነው ብሎ አንገቱን ወደ መድኃኒቱ ሰደደ። እሾኋን ስታቆምበት ሰላምታ ሰጥቶ ሄደ።

የደንቡ ቀን ደረሰ። አያ ጅቦ ወደ መሐል ሲወጣ አንድ ጎረምሳ ጅብ፣ «አያ ጅቦ፣ ከሰል ነው እንዴ ቁርስህ?» አለው። መንጋው ሁሉ ሳቀ። አያ ጅቦ አጥንቱን በጥቁሩ ጥርስ በኩል ያዘና ነከሰ። አጥንቱ ቋ ብሎ ለሁለት ሲሰበር ሳቁ ቆመ።

«አጥንቱ ስለ ቀለም አልጠየቀኝም» አለና ቅልጥሙን መምጠጥ ጀመረ።

በማግስቱ በእመት ጃርት ጉድጓድ ፊት ጉንጫቸውን የያዙ ሽማግሌዎች ተሰለፉ። ከሰልፉ መጨረሻ አንገቱን ደፍቶ፣ አንድ ጉንጩ አብጦ፣ ቀበሮ ቆሟል። የራሱን ጥርስ ለመንቀል አስቦም አያውቅም።

ከዚህ የምንማረው የመድኃኒት ጥሩነት የሚለካው በዋጋው ሳይሆን ሕመሙን በማስቆሙ መሆኑን፣ ያረጀ ጥርስም ከመነቀሉ በፊት ሊድን ይችል እንደሆነ መጠየቅ እንደሚገባ ነው።