የጠፍር አልጋው መርከብ እስኪሳፈር

እስቲ ቀረብ በሉ። ጆሮ ያለው ጆሮውን፣ የሌለው ትዕግሥቱን ይዞ ይምጣ። የማወራላችሁ ነገር ረጅም ሰንሰለት ነውና መሀል ላይ የሚያቋርጠኝ ካለ ከመጀመሪያው እጀምርበታለሁ። ከወዲሁ ተናግሬያለሁ!

ጉለሌ ውስጥ ወይዘሮ የሺመቤት የምትባል ሴት ነበረች። ታላቅ እህቷ እትዬ ወደርየለሽ ከአገር ከወጣች ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗታል፤ ኖርዌይ ልጇ ጋ ነው የምትኖረው። ያለችባት ከተማ ዝናቡ ሲጀምር እንጂ ሲያባራ የማይታይባት ናት አሉ። እትዬ ወደርየለሽ ከታመመች ሰባት ወሯ። መድኃኒቱ ሞልቷል፣ ምግቡ ሞልቷል፣ እንቅልፍ የሚባል ግን የለም። አንድ ቀን ደወለች።

«የሺ፣ አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው። በእናታችን የጠፍር አልጋ ላይ አንዴ ልተኛ። እዚህ ያለው አልጋ ለስላሳ ነው፤ ይውጠኛል። እንዲህ ሳልተኛ ከቀጠልኩ መክረሜንም እንጃ።»

የጠፍር አልጋ ለማታውቁ ልንገራችሁ። የበሬ ቆዳ በቀጭኑ ተተልትሎ፣ በውኃ ርሶ፣ እንጨቱ ላይ እየተጠላለፈ ይወጠራል። ሲደርቅ ይጠብቃል፤ ዓመት ሲሞላው ይረግባል፤ እንደገና ይወጠራል። ሁለቱ እህትማማቾች ልጅ ሆነው ጀርባና ጀርባ ገጥመው የተኙት እሱ ላይ ነው። የሺመቤት ያረጀችውም እዚያው ላይ ነው።

«እሺ እትዬ» አለች። «አልጋውን ይዤ፣ እኔም ጠቅልዬ መጣሁ። አስታምምሻለሁ።»

ስህተቷ እዚህ ላይ ነው። ቪዛው ሳይወጣ አልጋውን አስወጣች። ጠፍሩን ፈታች፣ ጠቀለለች፣ ከእንጨቱ ጋር አሰረች፣ ጎህ ሲቀድ በፒካፕ አስጭና ዕቃ ላኪዎቹ መጋዘን አስገባችው። ለምን ጎህ ሲቀድ? ሰው እንዳያይ ነዋ! የጉዞ ነገር ካወሩት ይጨናገፋል ይባል የለ? የእኛ ሰው እንኳን ቪዛ ሲጠብቅ፣ አውሮፕላኑ ውስጥ ቀበቶውን አስሮም «የት ነህ?» ሲሉት «እዚሁ ሰፈር ነኝ» ነው የሚለው።

አጥር የምትጋራት ወይዘሮ ዘርትሁን ግን ፒካፑን አየችው። ሠላሳ ዓመት ጎረቤቷ ናት፤ ጨውና እሳት የተዋዋሱ ናቸው።

«የሺ፣ አልጋው ወዴት ነው በጠዋት?»

«ትኋን ገብቶበት ላሳጥበው ነው።»

ትኋን! በእናቷ አልጋ! አይ ሰው።

ከዚያች ጠዋት ጀምሮ የየሺመቤት እንቅልፍ ጠፋ። ፍራሽ መሬት ላይ ዘርግታ ትጋደማለች፤ ዓይኗ ጣሪያው ላይ ይቀራል። በአራተኛው ቀን ዕቃው ሁሉ ያዋራት ጀመር። እንቅልፍ ያጣ ሰው ጆሮው ይቀጥናል። ግድግዳውን ተደግፋ ፀሐይ ስትሞቅ መርከቡን ከጅቡቲ ድረስ ሰማችው፣ ውኃው ላይ ቆሞ ሲያንጎራጉር።

«መርከብ ሆይ፣ አልጋዬን ጫን።»

«አልጭንም» አለ፣ ድምፁን እየጎተተ። «ሣጥን ያልገባ ዕቃ አልጭንም።»

መርከብ አልጭንም አለ፣ እትዬ ወደርየለሽም አልተኛችም።

መጋዘን ሄደች። የእንጨቱ ሣጥን አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። «ሣጥን ሆይ፣ ተዘጋ። መርከብ አልጭንም ብሏል፣ እትዬም አልተኛች።»

«አልዘጋም» አለ ሣጥኑ። «የያዝሽው ቆዳ ነው። የእንስሳት ጤና ማኅተም ያላረፈበትን ቆዳ ይዤ ሚስማር አላስነካም።»

ሣጥን አልዘጋም አለ፣ መርከብ አልጭንም አለ፣ እትዬ ወደርየለሽም አልተኛችም።

ማኅተሙ ጋ ሄደች። ቀለሙ ላይ ተንጋሎ ያንጎላጃል። ቀናችበት። «ማኅተም ሆይ፣ እረፍ። ሣጥን አልዘጋም ብሏል፣ መርከብ አልጭንም ብሏል፣ እትዬም አልተኛች።»

«ሂያጅ መሆንሽን በምን ልወቅ?» አለ፣ አንድ ዓይኑን ገልጦ። «ቪዛሽን ሳላይ አላርፍም።»

ማኅተም አላርፍም አለ፣ ሣጥን አልዘጋም አለ፣ መርከብ አልጭንም አለ፣ እትዬ ወደርየለሽም አልተኛችም።

ቪዛው ጋ ሄደች። መስኮቱ ወፍራም መስታወት ነው፤ ከኋላው ያሉት ሰዎች ውኃ ውስጥ የሚሄዱ ይመስላሉ። «ቪዛ ሆይ፣ ውጣ። ማኅተም አላርፍም ብሏል፣ ሣጥን አልዘጋም ብሏል፣ መርከብ አልጭንም ብሏል፣ እትዬም አልተኛች።»

«የሐኪም ወረቀት ሳይመጣ አልወጣም» አለ ቪዛው ከመሳቢያው ውስጥ። «ደግሞስ እዚህ ሞቆኛል።»

ቪዛ አልወጣም አለ፣ ማኅተም አላርፍም አለ፣ ሣጥን አልዘጋም አለ፣ መርከብ አልጭንም አለ፣ እትዬ ወደርየለሽም አልተኛችም።

ሐኪም ቤት ሄደች። ዶክተሯ ልጅ እግር ናት፣ ክንዷን አስራ ለካቻት፣ ደግማ ለካቻት፣ ከዚያ ብዕሯን ጠረጴዛው ላይ አጋደመችው።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በዚህ የደም ግፊት ብዕሬ እንዴት ብሎ ይጽፍልኛል?»

«ብዕር ሆይ፣ ጻፍ እንጂ!»

«ግፊቱ ሳይወርድ አልጽፍም» አለ ብዕሩ። የዋሸ ብዕር ቀለሙ ይደርቃል፣ እሱም ይህን ያውቃል።

ብዕር አልጽፍም አለ፣ ቪዛ አልወጣም አለ፣ ማኅተም አላርፍም አለ፣ ሣጥን አልዘጋም አለ፣ መርከብ አልጭንም አለ፣ እትዬ ወደርየለሽም አልተኛችም።

ግፊቷ ሩቅ አይደለም፤ ጆሮዋ ውስጥ ነው፣ ዷ ዷ ይላል። «ግፊት ሆይ፣ ውረድልኝ።»

«ስድስት ቀን ሙሉ በእግሬ ቆሜያለሁ» አለ ግፊቱ። «እኔ የምወርደው አንቺ ስትተኚ ነው። እንቅልፍ ሳይመጣ አልወርድም።»

ግፊት አልወርድም አለ፣ ብዕር አልጽፍም አለ፣ ቪዛ አልወጣም አለ፣ ማኅተም አላርፍም አለ፣ ሣጥን አልዘጋም አለ፣ መርከብ አልጭንም አለ፣ እትዬ ወደርየለሽም አልተኛችም። ኧረ ትንፋሽ! እናንተ ዝም ብላችሁ ትሰማላችሁ፣ እኔ ነኝ የምለፋው።

እንቅልፍ እንኳ ጨዋ ነው። ከሰዓት በኋላ መጥቶ መስኮቷ ላይ ተቀመጠ። ነጭ ለብሷል፣ ጫማውን በእጁ ይዟል፣ ሲተነፍስ መጋረጃው ቀስ ብሎ ይነሳና ይወድቃል።

«እንቅልፍ ሆይ፣ ግባ። ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፋሽ። ግን በየት ልግባ?» አለ፣ ወለሉ ላይ ያለውን ፍራሽ በሐዘን እያየ። «ዕድሜሽን ሙሉ ወዳንቺ የመጣሁት በጠፍሩ ላይ ነው። ሌላ መንገድ አላውቅም። ጠፍሩ ሳይወጠር አልገባም።» ይህን ብሎ ተነሳና በአጥሩ በኩል ሄደ።

እንቅልፍ አልገባም አለ፣ ግፊት አልወርድም አለ፣ ብዕር አልጽፍም አለ፣ ቪዛ አልወጣም አለ፣ ማኅተም አላርፍም አለ፣ ሣጥን አልዘጋም አለ፣ መርከብ አልጭንም አለ፣ እትዬ ወደርየለሽም አልተኛችም።

በማግስቱ ሳፋ ይዛ መጋዘን ሄደች። ጠፍሩን ነከረች፣ እንጨቱን ገጠመች፣ ትስበው ጀመር። በዚህ በኩል ስትስብ በዚያ በኩል ይላላል። በዚያ ስትስብ በዚህ ይላላል። እጇ ተላጠ።

«ጠፍር ሆይ፣ ተወጠር!»

«ብቻሽን ብትስቢኝ አልወጠርም» አለ ጠፍሩ። «በየዓመቱ ከወዲያ በኩል የምትስበኝ ማን ነበረች?»

የሺመቤት ጠፍሩን ለቀቀች። ማን እንደነበረች ታውቃለች፤ እናንተም አውቃችኋል።

ዘርትሁን ግቢዋ ውስጥ የታጠበ አንሶላ ታሰጣለች። የሺመቤት በአጥሩ በኩል ብቅ አለች።

«ዘርዬ፣ አልጋው ታጥቦ አለቀ። ነይና ጠፍሩን ሳቢልኝ።»

አሁንም ትዋሻለች! ስሙልኝማ!

«ትኋኑስ?» አለች ዘርትሁን ዞር ሳትል።

«ሞተ።»

«አልስብም።»

«ምን አልሽ?»

«አልስብም አልኩሽ። የዚያን ዕለት የትኋን መድኃኒት ገዝቼ መጣሁልሽ። በሩ ገርበብ ብሏል። ቤቱ ባዶ ነው፣ ሻንጣሽ ጥግ ላይ ቆሟል። መድኃኒቴን ይዤ ተመለስኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! እውነቱን ከአፍሽ ሳልሰማ ጫፉንም አልነካው።»

የሺመቤት አፏን ከፈተች። አፏ ግን አልናገርም አለ። አፍ አልናገርም አለ፣ ዘርትሁን አልስብም አለች፣ ጠፍር አልወጠርም አለ፣ እንቅልፍ አልገባም አለ፣ ግፊት አልወርድም አለ፣ ብዕር አልጽፍም አለ፣ ቪዛ አልወጣም አለ፣ ማኅተም አላርፍም አለ፣ ሣጥን አልዘጋም አለ፣ መርከብ አልጭንም አለ፣ ባሕር ማዶ ደግሞ እትዬ ወደርየለሽ የመስኮቱን ዝናብ እያየች አልተኛችም።

አፍ እንቢ ቢል እንባ ቀደመ።

«ለሌላው ሰው የደበቅሁት እንዳይጨናገፍ ብዬ ነው» አለች የሺመቤት። «ላንቺ ግን እንደዚያ አይደለም። እትዬ እየሞተችብኝ ነው፣ ዘርዬ። መሄድ አለብኝ፣ ጠቅልዬ ነው የምሄደው። ብነግርሽ ታለቅሻለሽ። ስታለቅሺ ካየሁሽ እቀራለሁ። ከቀረሁ እሷ ትሞታለች። ምን ላድርግ? ትኋን አልኩሽ።»

«ታዲያ ስላልነገርሽኝ ያላለቀስኩ መስሎሽ ነው?» አለች ዘርትሁን።

ከዚያ በኋላ አጥሩን ይዘው፣ አንዷ ከወዲህ አንዷ ከወዲያ፣ እስኪወጣላቸው አለቀሱ። እኔ ምን አገባኝ፣ አንሶላውን እያየሁ ጠበቅኳቸው። ሲበቃቸው ዘርትሁን ፊቷን ጠረገች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ አሰረች።

«በይ ነይ። ሳፋ አለ እዚያ?»

መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ፊት ለፊት ተቀመጡ፣ እግራቸውን እንጨቱ ላይ አስደገፉ። «ሳቢ!» «ሳብኩ!» «ያዢ!» «ያዝኩ!» ጠፍሩ እየጮኸ ጠበቀ። ፀሐይ ላይ አቆሙት። ሲደርቅ ወደ ጥላው አስገቡት፣ ስማቸው ወዳልታወቀ አገሮች የሚሄዱ ሣጥኖች መሀል። የሺመቤት ጋደም አለች። እንቅልፍ ጫማውን ደጅ ትቶ ገባ።

በሕልሟ ሣጥኖቹ ቀስ ብለው ቤት ሆኑ፣ በቤቶቹ መሀል ውኃ መጣ፣ መርከቡ ከጅቡቲ ዳገቱን እየወጣ ጉለሌ ደረሰና አጥራቸው ሥር ቆመ። ማንም አልደነገጠም። መጋዘኑ ውስጥ ግን አንድ ሠራተኛ መዶሻውን ሲያነሳ ዘርትሁን አፈጠጠችበት።

«አንተ! ሰው ተኝቷል!»

«ሥራ ነው እኮ፣ እናቴ።»

«ሥራህ ቆሞ ይጠብቅሃል። ይሄ እንቅልፍ ግን ተናቅኩ ብሎ ቢሄድ ማን ይመልሰዋል?»

ሠራተኛው መዶሻውን አስቀመጠ፣ ጫማውንም አወለቀ። ዘርትሁን እግርጌው ላይ ቁጭ ብላ፣ ዝንብ እያባረረች፣ አስተኛቻት።

ከዚያማ ማን ይያዘው! አፍ ተናገረ፣ ዘርትሁን ሳበች፣ ጠፍር ተወጠረ፣ እንቅልፍ ገባ፣ ግፊት ወረደ፣ ብዕር ጻፈ፣ ቪዛ ወጣ፣ ማኅተም አረፈ። ሣጥኑ ላይ ብቻ ትንሽ ጭቅጭቅ ነበር። ሠራተኛው «አልጋው ካልተፈታ አይገባም» አለ። ዘርትሁን «ከዚህ በኋላ አይፈታም! እዚያ ከወዲያ በኩል የሚስብላት ማን አለ? ሣጥኑን አስፋው» አለች። ሣጥን ሰፋ፣ ሣጥን ተዘጋ፣ መርከብ ጫነ፣ መርከብ ሄደ፣ የሺመቤትም ሄደች። ዘርትሁን መንገዱ ጥግ ድረስ ሸኘቻት። ከዚያ ወዲያ አልቻለችም።

እትዬ ወደርየለሽ ከስታ ጠበቀቻቸው። አልጋው መስኮቱ ሥር ሲቆም በእጇ ዳሰሰችው፣ ወጣች፣ ጀርባዋን ሰጠች፣ ተኛች። አንድ ቀን ሙሉ ተኛች። ልጇ ሦስት ጊዜ ትንፋሿን ሊያዳምጥ መጣ፤ የሺመቤት ሦስቴም በምልክት መለሰችው። በማግስቱ እትዬ ዓይኗን ሳትገልጥ ጠየቀች።

«የሺ፣ ማን ነው እንዲህ አድርጎ የወጠረው? እናታችን እንኳ እንዲህ አትወጥረውም ነበር።»

«ዘርትሁን ናት።»

«ዘርትሁን ማናት?»

«እህቴ።»

«እህትሽስ እኔ ነኝ» አለች እትዬ ወደርየለሽ።

«አንቺ ስትሄጂ የሆነችልኝ ናት።»

እትዬ ወደርየለሽ ዓይኗን ገለጠች። ከዚያ እጇን ዘረጋች።

«ስልኩን አምጪልኝ።»

የሺመቤት ደወለችና ሰጠቻት።

«ዘርትሁን፣ ወደርየለሽ ነኝ። ተኛሁ።»

ከጉለሌ በኩል አንድ ሰው አፍንጫውን ሲጠርግ ተሰማ።

«እንኳን ተኛሽ፣ እህቴ» አለች ዘርትሁን። «እንኳን ተኛሽ።»

በቃ፣ እኔ ያለኝ ይሄ ነው። ሰንሰለቱን ይዤ እዚህ ድረስ ጎትቼላችኋለሁና አንዳችሁ ተነሱና ውኃ ስጡኝ።