የእጅ መታጠብ ጥናት

ምላሷ ከመርፌዋ የሚሾል አንዲት አዋላጅ ነበረች። የምታዋልዳቸውን እናቶች በሦስተኛው ቀን ትኩሳት እየጣለ ቢያስቸግራት፣ የሆስፒታሉ ሐኪሞች እጃቸውን ይታጠቡ እንደሆነ ላጥና ብላ ፈቃድ ጠየቀች። ዳይሬክተሩ ዶክተር ይኄይስ ሰባት ወር ካመላለሷት በኋላ፣ "ሲስተር፣ ሐኪም ክብር አለው፤ በድንገት አይታይም። የምታዪበትን ቀንና ሰዓት አስቀድመሽ በደብዳቤ አሳውቂያቸው፤ ያኔ እፈርማለሁ" አሏት።

ደብዳቤውን እዚያው ጽፋ አቀረበችላቸው። ሊፈርሙ ብዕራቸውን ሲያነሱ ዓይናቸው ግርጌው ላይ ቀረ።

"ግልባጭ ለጀርሞች ይላል። ምን ማለትሽ ነው?"

"እነሱም የቤቱ ነባር ሠራተኞች ናቸው፣ ዶክተር" አለች። "ለሐኪሞቹ ተነግሮ ለእነሱ ሳይነገር ቢቀር ቅር ይላቸዋል። ሰኞ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ዘወር እንዲሉልን፣ ከዚያ በኋላ ወደ መደበኛ ሥራቸው እንዲመለሱ ነው።"