ዳንቴል የለበሰው ሶላር

አንድ ሰው ነበር፤ በትንሽ ወርክሾፕ ውስጥ ሶላር የሚገጣጥም። አምሳሉ ይባላል። መስታወቱን ይቆርጣል፣ ከሥሩ ፀሐይን ወደ መብራት የሚለውጡትን ስስ ስስ ሴሎች ይደረድራል፣ ዙሪያውን በፍሬም ያስራል። ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ!

አንድ ቀን አቶ ሸዋፈራሁ የሚባሉ አዛውንት መጡ፤ የአንድ ገጠር ጤና ጣቢያ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። «ልጄ፣ የድሮ ሶላራችንን በረዶ አደቀቀብን። የክትባቱ ፍሪጅ ቆሟል። እናቶች ሕፃን አዝለው ሦስት ሰዓት ይጓዛሉ፤ ሳያስከትቡ ይመለሳሉ። እባክህ፣ በረዶ የማይደፍረው ሥራልን። መስታወቱን ድርብርብ አድርገው!»

አምሳሉ ፈገግ አለ። «ጋሼ፣ መስታወቱን ባወፈርኩት ቁጥር በረዶ ይችላል፤ ግን ብርሃን ይቀንሳል፣ ክብደቱም ጣሪያችሁን ያጎብጠዋል። ባሳሳሁት ቁጥር ብርሃን እንደልብ ይገባል፤ ግን ይሰበራል።»

«እንግዲያው በረዶ በማያገኘው በኩል አድርገዋ!»

«እንዴት አድርጌ ጋሼ? ፀሐይ የሚቀበለው ፊት በረዶም የሚቀበለው ፊት ነው። ሌላ ፊት የለውም እኮ።»

ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

አምሳሉ ሦስት መስታወት አዘጋጀ። ውኃ አቀዝቅዞ እንቁላል የሚያካክል በረዶ ሠራ፤ ፎቅ ላይ ወጥቶ ለቀቀው። ስሱ ተንኮታኮተ። ወፍራሙ ንቅንቅ አላለም፤ ግን ብርሃኑን አደከመው። መካከለኛው ትንሽ ተጫረ፣ ግን ቻለ። እሱን መረጠ፣ ሠራ፣ ሄዶ ገጠመ።

ሳምንት ሳይሞላ፣ ማክሰኞ ዕለት፣ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሲስተር እልፍነሽ ደወለች። «አምሳሉ፣ ጉድ ሆኛለሁ! ፍሪጁ አይቀዘቅዝም። ክትባቱ ሐሙስ ይመጣል፤ እናቶቹን ጠርቻለሁ። ምን ልበላቸው?»

አምሳሉ «ምርጫዬ ይሆን የተሳሳተው?» እያለ ረቡዕ በማለዳ ገሰገሰ። መሰላል አቁሞ ጣሪያው ላይ ወጣ።

ምን ቢያገኝ ጥሩ ነው? ዳንቴል! ጥቅጥቅ ያለ ነጭ ዳንቴል፣ በአራቱም ማዕዘን በገመድ ታስሮ፣ ሶላሩ እንደ ሙሽራ ተሸፋፍኗል!

«ጋሼ ሸዋፈራሁ! ይሄ ምንድን ነው?» አለ፣ ከታች ከሲስተር እልፍነሽ ጋር ወደቆሙት አዛውንት ዞሮ።

«ባለቤቴ ናት የሠራችው» አሉ፣ ኮራ ብለው። «አዲስ ዕቃ ራቁቱን ይቀመጣል እንዴ? የእኛ ቴሌቪዥን ስድስት ዓመቱ ነው፤ አንድ ጭረት የለበትም!»

«ቴሌቪዥኑን ሲያዩ ዳንቴሉን አይገልጡትም?»

አዛውንቱ ራሳቸውን ይዘው መሳቅ ጀመሩ። ሲስተር እልፍነሽ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ዳንቴሉ ተፈታ። ፍሪጁ ቅዝቅዝ ብሎ አደረ፤ በማግስቱ ክትባቱ ገባ። ሠላሳ አንድ ሕፃን ተራ በተራ እየተወጋ ጤና ጣቢያውን በጩኸት ሞላው፤ እንደዚያ ቀን ደስ የሚል ለቅሶ ሰምተን አናውቅም ይላሉ። ዳንቴሉማ የት ሄደ? ፍሪጁ ላይ!

ክረምት ሲገባ በረዶው መጣ። የሶላሩን አንድ ጥግ ጫረው። እስከ ዛሬ ግን ይሠራል።

እናንተዬ፣ በሽማግሌው አትሳቁ። እናንተ ስንት ዳንቴል አላችሁ?

አንቺ እህቴ፣ አንድ ቀን ስትዘምሪ ድምፅሽ ተሰናከለ፤ ከኋላ ሰው ሳቀ። ይኸው ሦስት ዓመት ከንፈርሽን ገጥመሽ ትቀመጫለሽ። አንተ ወንድሜ፣ ያመንከው ጓደኛ ጎዳህና ከዚያ ወዲያ ደጅህን የረገጠ ሰው የለም። ጭረት የለብህም፤ እውነት ነው! ፍሪጁስ? ባንተ ብርሃን የሚቀዘቅዘው ፍሪጅስ?

እኔም አለብኝ። ያስቀየመኝን ሰው ሰላም ላለማለት መንገድ የቀየርኩ ሰባኪ ነኝ፤ እወቁልኝ።

የሠራን ጌታ መዝኖ ነው የሠራን። በረዶ እንደሚመጣ ጠፍቶት አይደለም። አወፍሮ ቢሠራን ባልተጫርን ነበር፤ ግን በእኛ ውስጥ ምን ብርሃን ያልፍ ነበር? ፍቅር የሚገባበት ልብ ሐዘንም የሚያገኘው ልብ ነው። ሌላ ልብ የለንም።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ገመዱን ፍቱት። ዘምሪ! ደጅህን ክፈት! እኔም በድሮው መንገዴ እሄዳለሁ። ሐሙስ እኮ ደርሷል፤ ሕፃናቱ ታዝለው መንገድ ላይ ናቸው።